አባቴ ወንድሜን አንቱ ያሉበት ክረምት

በቤታችን እናታችንን አንቺ፣ አባታችንን እርስዎ እያልን ነው ያደግነው። አባቴ ደግሞ እኔን አንቺ፣ ታናሽ ወንድሜን አንተ ይሉናል። ማንም ቁጭ ብሎ የደነገገው ሥርዓት አይደለም፤ ግን ተዛንፎ አያውቅም። ስለዚህ የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በሐምሌ ወር በአንድ ረፋድ ላይ፣ አባቴ «ያንን ጎማ ቢያቀብሉኝ» ሲሉ የሰማሁ ጊዜ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር። ቁርሳቸውን ይዤ ወደ ሱቁ ስገባ ውስጥ ያለው ወንድሜ ብቻ ነው። ጎማውን አንስቶ አቀበላቸው። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

አባቴ ጎሚስታ ናቸው። ከአሰላ መውጫ ላይ፣ ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ሱቅ አለቻቸው። ከገጠር እህል ጭነው የሚመጡ አይሱዙዎች፣ ባጃጆች፣ ጎማ የተገጠመላቸው የፈረስ ጋሪዎች ሳይቀሩ እዚያ ይቆማሉ። ዕድሜያቸው ከገፋ ወዲህ ከባድ ከባዱን ሥራ ለወንድሜ ለቀው እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የተበሳ ይለጥፋሉ፤ የመጣውን ሁሉ ያጫውታሉ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ስለምውል ነው ያን ሁሉ ነገር በቅርብ ያየሁት።

ወንድሜን ወደ ጓሮ ጠርቼ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሁት።  እንደነገረኝ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሱቁን ሲዘጉ ለአባቴ ልቡን ከፍቶላቸዋል። አንዲት የአርቦዬ ከተማ ልጅ እንደሚወድ፣ እሷም አስተማሪ እንደሆነች፣ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገራቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቴ እልል ይሉ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች ግን ፕሮቴስታንት ናቸው፤ አባቷም የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠርጉ እዚያ እንደሚሆንና እሱ ራሱም ከእሷ ጋር እዚያ ማምለክ ከጀመረ እንደቆየ ጨምሮ ነገራቸው።

እኛ ኦርቶዶክሶች ነን። የአባቴ አያት ከሸዋ መጥተው እዚህ አገር ከሰፈሩ ጀምሮ ቤተሰቡ ከአንድ ደብር ደጅ ርቆ አያውቅም። አባቴ በሰበካ ጉባኤው አገልግለዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታጠር ድንጋይ ተሸክመዋል። ወንድሜ ደግሞ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ነው።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«እስክጨርስ ሰሙኝ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ‹ሰማሁ› አሉ፤ ሄዱ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ‹እንዴት አደሩ› አሉኝ።»

 ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር አለ። እኔም ያኔ እንደሱ ነበር የማስበው። አንቱ የሚባል ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ አይቆጡትም፣ አይመክሩትም፣ ለምን እንዲህ አደረግህ አይሉትም። አባቴ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ልጃቸውን ከቤቱ ውስጥ አውጥተው ደጃፍ ላይ ያቆሙት መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ወሬ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ ይሄድ ጀመር። አባቴ ለወንድሜ የሚናገሩትን ለእናቴ ይናገራሉ፤ እሱ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይሰማል። «ዛሬ ከባድ መኪና ይመጣል ብለውኛል፤ ማለዳ ቢነሱ ጥሩ ነው» ይላሉ እናቴን እያዩ። እናቴ ማለዳ ተነስታ የምትፈታው ጎማ የለም። ወንድሜም መልሱን ለእሷ ይሰጣል፤ «እነሳለሁ» ይላል። እሷ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ራሷን እየነቀነቀች ሽንኩርቷን ትልጣለች።

አባቴ ብቻቸውን ቀደም ብለው መብላትም ጀምረው ነበር። እናቴ ይህንን ጥቂት ቀን ዝም ብላ አየችው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን በአንድ ትሪ አቅርባ ሁለቱንም ጠራቻቸው። አባቴ ትሪውን አይተው እሷን አዩ። «ሳህኖቹ ታጥበው አልደረቁም» አለች። «በዚህ ዝናብ ምን ይደርቃል።» የአሰላ ክረምት እንኳንስ ሳህን፣ ሸሚዝም ሳምንት ሙሉ አያደርቅም፤ ስለዚህ ማንም ሊከራከራት አልቻለም። ሁለቱ ከአንድ ትሪ ሲበሉ እጃቸው እንዳይነካካ ሲጠነቀቁ አይ ነበር። እናቴ ሳህኖቹን እስከ ጳጉሜ አላደረቀቻቸውም።

ፍልሰታ ገባ። ወንድሜ ያንን ጾም መጾም እንደተወ አባቴም እናቴም ያውቃሉ። ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ይሰጠኝ አላለም። ትሪው ላይ የቀረበውን ሽሮና ጎመን ከአባቴ ጋር በላ። አባቴም አንድም ቀን ስለዚህ አላነሱም። ግን በጾሙ አጋማሽ ገደማ፣ ወንድሜ ከሱቅ ሲዘገይ፣ ትሪው ቀርቦ ሳለ እጃቸውን ሰብስበው ሲጠብቁት አየሁ። እናቴ «ይቀዘቅዛል፣ ይብሉ እንጂ» አለቻቸው። «አልራበኝም» አሉ። እሱ ገብቶ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ራባቸው።

እኔ እነዚህን ነገሮች እያየሁ ትርጉማቸውን አላነብም ነበር። ነገር በግልጽ መነጋገር አለበት እያልኩ ተማሪዎቼን የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠንክሮ ሱቁ ጭር ሲል ወደ አባቴ ሄድኩና ጎናቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ለምን ቁጭ ብላችሁ አትነጋገሩም? የከፋዎትን ይንገሩት፤ እሱም ይናገር፤ ይውጣለት» አልኳቸው።

መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆኑ። ዝናቡ ወደ ላይ፣ እህታቸው ወዳሉበት ወደ ዲክሲስ በኩልም እንደዚህ ይጥል ይሆን ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን ጥያቄዬን ደገምኩ።

«እንደ ክፍልሽ ልጆች እጅ አውጡ ልትይን ነው?» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «የምለው አጥቼ አይደለም፤ ሞልቶኛል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ይሄ ልጅ ነገ ልጆች ይወልዳል። ‹አያታችሁ እንዲህ ብሎኝ ነበር› ብሎ የሚነግራቸው ቃል እንዲኖር አልፈልግም። ንዴቴ እስኪበርድ አንቱ እለዋለሁ። አንቱ ያልኩትን ሰው መሳደብ አይሆንልኝም።»

 እኔ ደጃፍ ላይ አቆሙት ያልኩት ነገር ለካ ለራሳቸው አፍ ያበጁት ልጓም ኖሯል። ለወንድሜ ልነግረው ብዬ ተውኩት። እሳቸው ያላሉትን እኔ ብናገር ያበጁትን አጥር ማፍረስ መሰለኝ። አንድ ነገር ግን በልቤ ይዤ ሄድኩ። «ልጆች ይወልዳል» ብለዋል፤ ከማን እንደሚወልድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ወንድሜ ግን ይህን አልሰማም። «መስከረም ሲጠባ ወደ አዳማ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ» ማለት ጀመረ። ያኔ ፈራሁና ዲክሲስ ለሚኖሩት አክስቴ ደወልኩ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናቸው። አባቴ እትዬ ስለሚሏቸው እኛም እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከገብስ ማሳቸው ዳር ባለችው ቤት ይኖራሉ፤ ወደ ከተማ ኑ ቢባሉ አሻፈረኝ ያሉ ሴት ናቸው። በስልክ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቋርጠው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ስጨርስ፣ ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ እንደሆነ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ መንታ እንደተገላገለች አወሩኝና ዘጉ። ሳይሰሙኝ የቀሩ መስሎኝ ተናድጄ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርደው በባጃጅ ግቢያችን ገቡ። ድንችና የገብስ ቆሎ በማዳበሪያ ይዘዋል። አባቴ ከሱቁ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ እትዬ ትከሻቸውን ይዘው አነሷቸው። አባቴ በደህና ነው ወይ የመጡት ብለው ጠየቁ።

«ዓይኔን ሐኪም ልታይ ብዬ ነው» አሉ እትዬ።

«ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«የሩቁን ደህና አያለሁ። ቅርቤ ያለው ነው የሚጠፋብኝ። በእኛ ዘር ያለ ነገር ይመስለኛል፤ አባታችንንም እንዲህ ያደርጋቸው ነበር።»

አባቴ ማዳበሪያውን አነሱ። ጆሯቸው ግን ቀልቶ አየሁት። እትዬ ሐኪም ቤት በእርግጥም አንድ ቀን ሄደዋል፤ ጠብታ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላም ግን የመሄድ ነገር አላነሱም። ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ። ከአባቴ ጋር ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ። ወንድሜን ሥራ ያዙታል፤ «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ይሄን ወንበር አስጠጋልኝ» ይሉታል፤ ‹አንተ› የምትለዋን ረገጥ አድርገው። ስለ ጋብቻው፣ ስለ አርቦዬ፣ ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል ሲተነፍሱ አልሰማሁም።

በጳጉሜ ውስጥ የልጅቷ አያት፣ የአባቷ እናት፣ ማረፋቸው ተሰማ። ወንድሜ ማለዳ ስልክ ተደውሎለት ለእናቴ ነገራት፤ ለቅሶ እሄዳለሁ አለ። እትዬ ከመደባቸው ላይ ቀና ብለው የሟችን የትውልድ አገር ጠየቁት። ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውንማ አውቃቸዋለሁ፣ ልጅ ሳለን ገበያ እንገናኝ ነበር አሉ። እውነት ይተዋወቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ሞት ሰምቼ አልቀርም። ብቻዬን ደግሞ አልችልም። አንተ ታደርሰኛለህ» አሏቸው።

ለቅሶ እምቢ አይባልም፤ የታላቅ እህትም ቃል እንዲሁ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፤ መልሰው ደፉ። የመኪናው የኋላ ጎማ አያስተማምንም አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ዝናቡ ሳይመጣ እንውጣ አሉ።

መኪናው የአባቴ አሮጌ ፒካፕ ነው፤ ከኋላም መቀመጫ አለው። የሚነዳው ወንድሜ ነው። አባቴ የፊተኛውን በር ለእትዬ ከፈቱላቸው። እሳቸው ግን ፊት ስቀመጥ ያዞረኛል ብለው ከእኔ ጋር ከኋላ ገቡ። እናቴ ቤት ለመጠበቅ ቀረች። አባቴና ወንድሜ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ መንገዱም ጀመረ።

የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ ነው፤ ገብሱ ጫፍ ጫፉ መቅላት ጀምሯል። ጥርጊያው መንገድ ላይ ስንደርስ መኪናው ያንሸራትት ጀመር። አባቴ ወደ ኋላ ዞር ብለው «እትዬ፣ ሾፌሩ ትንሽ ቀስ ቢሉ ይሻል ነበር» አሉ። እትዬ በበኩላቸው «ሾፌሩ ሰምቷል» አሉ። ወንድሜ ፍጥነቱን ቀነሰ። በመስታወቱ ሳየው ከንፈሩን ነክሷል፤ ሳቅ ይሁን እልህ አልለየሁትም።

አርቦዬ ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ሸራ ተወጥሯል፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። መዘምራን በኦሮምኛ ቀስ ብለው ይዘምራሉ። እትዬ በእኛ ወግ ገና ከበሩ ላይ ሙሾ ጀመሩ። አንድ ሁለት ስንኝ ካሉ በኋላ ግን የቤቱ ሰው በዝማሬ እንጂ በዋይታ እንደማያለቅስ አዩ፤ ድምፃቸውን ውጠው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከሸራው ሥር ቆመው የነበሩ አንድ ረዥም፣ ጠጉራቸው የነጣ ሰው ይህንን አዩ። የልጅቷ አባት ነበሩ። ወደ እኛ መጡ፤ መጀመሪያ እትዬን እጃቸውን ይዘው አመሰገኑ። ከዚያ አባቴ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ከእትዬ ጋር ከኋላቸው ነበርኩ። አሁን የጋብቻው ነገር ተነሣ አልኩ በልቤ፤ አሁን ይወጣል። ሁለቱ በኦሮምኛ ይነጋገሩ ጀመር። አባቴ እዚሁ አርሲ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ኦሮምኛ እንደ አማርኛቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲራራ እንዲያውም እሱ ይቀናቸዋል። ሰላምታው ብቻ ጊዜ ፈጀ፤ ሰዉ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ዝናቡ አንድ በአንድ ተጠየቀ። ስለ ሟች ተነሳ። የልጅቷ አባት እናታቸው እንዴት ብቻቸውን እንዳሳደጓቸው አወሩ። አባቴም የራሳቸውን እናት ሞት አወሩ፤ እኔ እንኳ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን፣ መቃብር ላይ ማልቀስ አቅቷቸው ቤት ገብተው የእናታቸውን ጫማ ሲያዩ እንዳለቀሱ። ከዚያ ወሬው ስንዴውን ወደ መታው ዋግ ሄደ። ከዋጉ ወደ ምርጥ ዘር። የምጠብቀው ነገር አልመጣም። ትዕግሥቴ አለቀ።

በዚያ መሐል ወንድሜ ከቤቱ ወጣቶች ጋር ሆኖ ለለቀስተኛው እጅ ያስታጥባል፤ ወንበር ይሸከማል፤ ሽማግሌ ደግፎ ያስገባል። የአባቴ ዓይን አብሮት ይዞራል። የልጅቷ አባትም የአባቴን ዓይን ተከትለው አዩት።

«ያ ልጅ ከመጣ አልተቀመጠም» አሉ። «ማን እንዳሳደገው ሳይጠየቅ ያስታውቃል።»

«እናቱ ናት ያሳደገችው» አሉ አባቴ።

 መዝሙሩ አልቆ ሌላ ተጀመረ።

«ልጆቻችን ቀድመውን ተዋውቀዋል» አሉ የልጅቷ አባት።

 «እኛ ነን የዘገየን» አሉ አባቴ።

በቃ፤ ይኸው ነው። ሁለቱም ወደ ፊት ወደ ግቢው እያዩ ነው የተናገሩት፤ ፊት ለፊት እንኳ አልተያዩም። ወዲያው ወደ ዋጉ ወሬ ተመለሱ። እትዬ ግን ከረዥም መንገድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ልንሰናበት ስንነሳ ልጅቷ ወጥታ በሁለት እጇ የአባቴን እጅ ይዛ ዝቅ አለች። ዓይኗ አብጧል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። እሷን አንቺ አሏት፤ ልጄም አሏት። ወንድሜ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይህንን ሰማ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ያ የማያስተማምን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ወንድሜ መኪናውን ጥግ አስያዘና ወረደ። አባቴም ወረዱ። ኮታቸውን አውልቀው በበሩ ላይ ሰቀሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ከዓመታት በፊት እንደነበሩት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ወንድሜ እኔ እበቃለሁ ሊል ሲል እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ክሪኩን አቀብለኝ» አሉት።

አቀብለኝ ነው ያሉት፤ ያቀብሉኝ አይደለም። ወንድሜ ክሪኩን እንደያዘ ለአፍታ ቆመ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ድንጋይ አምጣና ፊተኛውን አስይዝ እንጂ። መሽቶብን እዚህ ልናድር ነው?»

ወንድሜ ሮጦ ድንጋይ አመጣ። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። ሁለቱ እየተነታረኩ ጎማውን ቀየሩ። አባቴ ብሎኑ አልጠበቀም ይላሉ፤ እሱ ጠብቋል ይላል፤ አባቴ ስንት ጊዜ ነው የነገርኩህ፣ ይህን ጎማ ከሰኔ ጀምሮ ቀይረው ብዬህ አልነበር ይላሉ። ከሐምሌ ጀምሮ የተጠራቀመ ቁጣ ሁሉ በዚያ ጎማ ላይ ወረደ። ወንድሜ እየተቆጡት ፊቱ ይበራ ነበር።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ወንድሜ ወደ ደብራችን አልተመለሰም፤ አባቴም ልጄ ልክ ነው አላሉም። ያ ቁስል ዛሬም አለ። ወንድሜ ያን ክረምት ሲያነሳ አሁንም ፊቱ ይጨልማል፤ ዝምታው ከብዶት ነበር፤ እኔም አልፈርድበትም። ግን ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች እንዴት እንደተሳሰቡ ሳስታውስ ለእነዚያ ሽማግሎች ያለኝ አድናቆት ይበልጥብኛል።

አባቴ ሽማግሌ ሲልኩ ከመረጧቸው አንዱ ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ፕሮቴስታንት ናቸው። ለምን እሳቸውን እንደመረጡ አልተናገሩም። አርቦዬ ላይ ግን መልእክቱ ከሽማግሎቹ ቃል ቀድሞ ደርሷል።

የልጅቷ ወገኖች ሠርጉን በታኅሣሥ አስበው ነበር። ታኅሣሥ ለእኛ ጾም ነው። እናቴ ተጨነቀች፤ እንግዳ ምን እናበላለን፣ ዘመድ እንዴት ይመጣል እያለች። አባቴ ግን እንዲዛወር መጠየቅ አልፈለጉም። አንድ ቀን የልጅቷ አባት ራሳቸው ደወሉ። ለዚያን ቀን አዳራሹ አልመች ብሎናል፤ ከጥምቀት በኋላ ብናደርገው ያስቸግራችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ እንደሚመቻችሁ ብለው ስልኩን ዘጉና ለረዥም ጊዜ እጃቸው ውስጥ እንደያዙት ተቀመጡ። አዳራሹ በታኅሣሥም ባዶ እንደነበረ ሙሽራዋ በኋላ ነግራኛለች። አባቴ ግን የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

ለመልሱ ድግስ እናቴ ጠላ ለመጥመቅ ብቅል ልታዘጋጅ ስትል አባቴ ከለከሏት። «ዘንድሮ ገብሱ ለጠላ አይሆንም» አሉ። በአሰላ፣ የብቅል ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ አዝመራው ባማረበት ዓመት። የሰሙ ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁ። አባቴ ፍንክች አላሉም፤ ብርዝና ለስላሳ ይበቃል አሉ። አርቦዬዎቹ መጠጥ እንደማይጠጡ፣ ሽታውም እንደሚያስጨንቃቸው ያውቃሉ። ይህን በግልጽ ቢናገሩ ግን ወንድሞቻቸውና የማኅበር ጓደኞቻቸው ለማን ብለን ነው ይሉ ነበር። በገብስ የተሳበበ ነገር ማንንም አያስቀይምም።

የሠርጉ ቀን ማለዳ አባቴ ከማንም ቀድመው ተነስተው የሚዜዎቹን መኪኖች ጎማ አንድ በአንድ እየረገጡ አዩ። ከዚያ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከእኛ ጋር አርቦዬ ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለወንድሜ አስቀድመው ነግረውታል፤ እስከ በሩ እሸኝሃለሁ፣ ከዚያ በላይ እግሬ እምቢ ይለኛል፣ አትቀየመኝ ብለውት ነበር። እሱም ይህን ያህል ከመጡልኝ ይበቃኛል ብሏቸው ነበር። ግንባሩን ሳሙት፤ እሱ ገባ። እናቴና እኔም ተከትለነው ገባን። እትዬ ግን «ወንድሜን ብቻውን አልተውም» ብለው ከአባቴ ጋር ግቢው ውስጥ ጥድ ሥር ቀሩ።

ከውስጥ በመስኮት አያቸው ነበር። ሁለት አሮጌ ሰዎች፣ ነጭ ለብሰው፣ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ በባዶ ግቢ ተቀምጠው። የልጅቷ አባት ልጃቸውን እጇን ይዘው አስገቡ፤ ለወንድሜ አስረከቡ። ቃል ኪዳኑ እስኪያልቅ ቆሙ። የፊተኛው ወንበር ተለቅቆላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡበትም። በጎን በር ወጡ። ሕፃን ይዛ ከምትወጣ አንዲት እናት ኋላ ሆኜ ተከትያቸው ወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ወንበር ተሸክመው ወደ ጥዱ ሄዱ፤ አባቴ አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ።

አባቴ ደነገጡ። ልጅዎ ነች እኮ ውስጥ ያለችው፣ ይግቡ እንጂ አሏቸው።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። «እርስዎን ውጭ ትቼ የምሰማው መዝሙር አይጥመኝም።»

አባቴ ወደ መሬት አዩ። እትዬ ከጉያቸው የገብስ ቆሎ በወረቀት የተጠቀለለ አውጥተው ለሁለቱም ዘገኑላቸው። ከውስጥ ዝማሬው ይሰማል፤ ሦስቱ ቆሎ እየቆረጠሙ ያዳምጣሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን እጠርግ ነበር።

ዝማሬው ሲያበቃ ሙሽሮቹ ወጡ፤ ሰዉም ተከትሎ ወጣ። ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ደረጃው ላይ ሊያቆም አባቶችን ቀድሞ ጠራ። ሁለቱም ተነሱ፤ ልብሳቸውን አራገፉ። አባቴ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት ይቅደሙ አሉ። የልጅቷ አባት የሙሽራው አባት ሳይቀድሙ እኔ አልቀድምም አሉ። አባቴ በጭራሽ አሉ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን እንደያዘ ይጠብቃል፤ ሙሽሮቹም ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ ሽማግሎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው እርስዎ እርስዎ ይባባላሉ። እትዬ ትንሽ ጠበቋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው በመሐላቸው አልፈው ደረጃውን ወጡና ሙሽራዋን ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።